ስቲልሄድ ማጥመድና ባዶ እጅ የሚመለሱባቸው ቀናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ ስቲልሄድ ለማጥመድ የተነሡ ወዳጆች በተለያየ ጊዜ ያነሧቸው ናቸው። መልሶቹ ለጀማሪ ተብለው የተጻፉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በስካይኮሚሽ ወንዝ ዳር ካሳለፍኋቸው ሁለት የብርድ ወቅቶች የተገኙ ናቸው። ከሁለቱ የመጀመሪያው አንድ ዓሣ እንኳ ሳልይዝ ያለፈ ነበር። ወራቱን የጠቀስሁት እዚህ አገር በምንጠቀምበት አቆጣጠር ነው።

ስቲልሄድ ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ከሳልሞንና ከትራውት በምን ይለያል?

ስቲልሄድ በሳይንሳዊ ስሙ ኦንኮሪንከስ ማይኪስ የሚባለው ዓሣ ነው፤ ይህም ማለት ከሬይንቦ ትራውት ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የሚለያዩት በአኗኗራቸው ብቻ ነው። በአንድ ወንዝ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ከፊሎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሲቀሩ፣ ከፊሎቹ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በወንዙ ካደጉ በኋላ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይወርዳሉ። እዚያም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሲመገቡ ቆይተው፣ እንደ ብር የሚያበራ ቅርፊት ለብሰውና ደልበው ዕንቁላል ለመጣል ወደተወለዱበት ወንዝ ይመለሳሉ። እነዚህን ነው ስቲልሄድ የምንላቸው። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሳልሞኖች ዕንቁላላቸውን ከጣሉ በኋላ ሲሞቱ፣ ስቲልሄድ ግን ከተረፈ ወደ ባሕር ወርዶ በሌላ ዓመት ዳግመኛ ሊመለስ ይችላል።

አብዛኞቹ ከ6 እስከ 12 ፓውንድ ይመዝናሉ፤ ከ20 ፓውንድ በላይ የሆነ የያዘ ሰው ታሪኩን ዕድሜውን ሙሉ ያወራዋል። በዘንግ ተይዞ በዓለም ክብረ ወሰንነት የተመዘገበው በ1970 አላስካ ውስጥ የተያዘው 42 ፓውንድ ከ2 አውንስ የሚመዝን ዓሣ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ስቲልሄድን የግዛቲቱ ምልክት የሆነ ዓሣ ብላ የሰየመችው በ1969 ነው።

ባሌ ውስጥ ትራውት አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እሱም ይኸው ዓሣ ነው?

አዎን፣ ዝርያው አንድ ነው። በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች የሚገኘው ሬይንቦ ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ሲሆን፣ ወደ ውቅያኖስ ወርዶ የመመለስ ልማድ ግን የለውም። ስለዚህ በዲንሾ አካባቢ ትራውት ያጠመደ ሰው ስለ ውኃ አነባበብ የሚያውቀው ነገር እዚህም ያገለግለዋል። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ ሲያጠምድ ያደገ ሰው ደግሞ እጁ ከክርና ከመንጠቆ ጋር የተዋወቀ ቢሆንም፣ የሚፈስ ውኃን ከፊደል ጀምሮ መማር ይኖርበታል።

ይህን ያህል አስቸጋሪ የሚያደርገው ምንድን ነው?

የአገሩ አጥማጆች «የሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። አባባሉ ተጋኗል ብዬ አስብ ነበር፤ አሁን ግን ለጀማሪ እንኳንስ ሊጋነን ያንሳል እላለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ዓሣው ወንዝ የሚገባው ሊበላ ሳይሆን ሊራባ መሆኑ ነው። በተለይ በብርድ ወራት የሚመጣው በባሕር ባከማቸው ስብ እየኖረ ምግብ እምብዛም አይፈልግም፤ ማባበያውን ቢነክስም በልማድ ወይም በቦታዬ ምን ገባ በሚል ቁጣ ይመስላል። ሁለተኛው ዓሣው መንገደኛ መሆኑ ነው፤ ትናንት በአንድ ድንጋይ ሥር የነበረው ዛሬ አምስት ማይል ወደ ላይ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውና አሳዛኙ ምክንያት ቁጥሩ ማነሡ ነው። ሲያትል ባለችበት የባሕር ሰርጥ፣ በፒውጀት ሳውንድ፣ የሚገኘው ስቲልሄድ በፌዴራሉ ሕግ ለመጥፋት ከተጋለጡ እንስሳት ተርታ የገባው በ2007 ነው፤ በላይኛው ኮሎምቢያና በስኔክ ወንዝ የሚገኙት ደግሞ ከዚያ 10 ዓመት ቀድመው በ1997 ገብተዋል።

ለዚህ ማነስ ጥፋተኛው ማን ነው? ወንዝ ዳር ሰዎች የነባር ሕዝቦችን መረብ ሲወቅሱ እሰማለሁ።

ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የሚወቅሰው አያጣም። የዋሽንግተን ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ አጋማሽ መሬታቸውን ለፌዴራሉ መንግሥት ሲያስረክቡ፣ በለመዱት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን በውል አስከብረው ነበር፤ የፌዴራሉ ዳኛ ጆርጅ ቦልት በ1974 የሰጡት ፍርድም ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ድርሻቸው መሆኑን አጽንቷል። የወንዞቹን መራቢያ ያጠፉት ግን ግድቦች፣ የደን ጭፍጨፋ፣ የመንገድና የከተማ መስፋፋት ናቸው፤ የውቅያኖሱ ሙቀትና የምግብ እጥረትም ተጨምሮበታል። በኤልዋ ወንዝ ላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ሲፈርሱ ስቲልሄዶች ከ100 ዓመት በላይ ተዘግቶባቸው ወደቆየው የላይኛው ወንዝ ተመልሰው መግባታቸው ብዙ የሚናገር ይመስለኛል።

መቼና የት ልጀምር?

ስቲልሄድ በሁለት ወቅት ወደ ወንዝ ይገባል። የብርድ ወራቱ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል፣ የሞቃቱ ወራት ደግሞ በግምት ከሜይ እስከ ኦክቶበር ይገባሉ። ለጀማሪ የምመክረው በመንግሥት ማራቢያ የተፈለፈሉ ዓሦች የሚመለሱባቸውን ቦታዎች ነው፤ ምክንያቱም ዓሦቹ ወደተለቀቁበት ማራቢያ ስለሚመለሱ ቢያንስ «ዓሣ አለ ወይስ የለም» የሚለውን ጥያቄ በከፊል ይመልሱልዎታል። ከሲያትል አንድ ሰዓት ያህል በሚወስደው በስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ የሚገኘው ራይተር ፖንድስ እንዲሁም በደቡብ በካውሊትዝ ወንዝ ላይ የሚገኘው ብሉ ክሪክ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሕዝብ ይበዛባቸዋል፤ ክርዎ ከሰው ክር ጋር መጠላለፉም አይቀርም። በፎርክስ ከተማ ዙሪያ ያሉት የሆ፣ የቦጋቺልና የሶል ዳክ ወንዞች ውበታቸው ሌላ ቢሆንም ሩቅ ናቸው፤ ደንባቸውም ጥብቅ ነው። በቅርብ ዓመታት በእነዚያ የባሕር ዳርቻ ወንዞች ከጀልባ ላይ ማጥመድና ተፈጥሯዊ ማባበያ መጠቀም የተከለከለባቸው ወቅቶች ስለነበሩ፣ ከመሄድዎ በፊት የዓመቱን ደንብ ያንብቡ።

ፈቃድ ያስፈልገኛል? የትኛውን ዓሣ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

በዋሽንግተን ዕድሜው 15 ዓመት የሞላው ማንኛውም ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የፈቃዱ ዘመን የሚያበቃውም ማርች 31 ነው። ይህን ዘንግቼ በኤፕሪል መጀመሪያ ሳምንት ከመኪናዬ ሳልወርድ የተመለስሁበት ቀን አለ። ለስቲልሄድ ከፈቃዱ በተጨማሪ የያዙትን ዓሣ ወዲያውኑ፣ ገና ሌላ ሳይወረውሩ፣ የሚመዘግቡበት ሰነድ አለ።

የሚወሰደውና የሚለቀቀው የሚለየው በአንዲት ትንሽ ክንፍ ነው። በጀርባው ላይ ከጭራው ቀረብ ብላ የምትገኘውን አጥንት የሌላትን የስብ ክንፍ ይመልከቱ። የማራቢያ ጫጩቶች ከመለቀቃቸው በፊት ይህች ክንፍ ትቆረጣለች፤ ስለዚህ በቦታው ላይ የዳነ ጠባሳ ካዩ ዓሣው የማራቢያ ነው፤ ወንዙም ለዚያ ክፍት ከሆነ መውሰድ ይችላሉ። ክንፏ ካለች ዓሣው የተፈጥሮ ነውና ይለቀቃል። የሚለቀቀውን ስቲልሄድ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት በዋሽንግተን ሕግ ክልክል ነው፤ ለፎቶ ብለው አቅፈው የሚቆሙ ሰዎች ቢያዩም አርአያ አያድርጓቸው። ወንዞች በወቅቱ አጋማሽ በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ፣ የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን አስቸኳይ ማስታወቂያ ከቤት በወጡበት ጠዋት ማየት ተገቢ ነው።

ምን ዕቃ ልግዛ?

ከሚያስቡት ያነሰ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሱቅ ገብቼ ሻጩ የሰጠኝን ሁሉ ተሸክሜ ወጣሁ፤ ዘንጉ ለባሕር ዓሣ የሚሆን ወፍራም ስለነበረ ዓሣ ቢነክስም ባይነክስም የማይነግር ዱላ ሆኖ አረፈው። ለጀማሪ ከ9 እስከ 10 ጫማ ተኩል የሚረዝም፣ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ ክር እንዲሸከም የተሠራ ዘንግና ፍሬኑ ለስላሳ የሆነ ሪል፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር፣ ይበቃል።

አጠማመዱ ብዙ ዓይነት ነው፤ በማንኪያ መሰል ብረት የሚያጠምድ አለ፣ በረጅም ዘንግ የላባ ዝንብ የሚወረውር አለ። ለመማር የሚቀለው ግን በተንሳፋፊ ማጥመድ ነው፤ ምክንያቱም ማባበያዎ ከውኃው በታች ምን እየሆነ እንዳለ ዓይንዎ ከላይ ያያል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በዋናው ክር ላይ ጥልቀቱን የሚወስን ማቆሚያ ቋጠሮ ይታሰራል፣ ከዚያ ተንሳፋፊው፣ ከሥሩ ማባበያውን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት፣ ከእርሳሱ በታች ደግሞ ከዋናው ክር ትንሽ የሳሳ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጫፍ ክር ይቀጠላል። በጫፉ የዓሣ ዕንቁላል የምትመስል ዶቃ ከመንጠቆ ጋር፣ ወይም ላባ የለበሰ እርሳስ ራስ ያለው ጂግ ይደረጋል። ጂግ ካሰሩ የእርሳሱን መጠን ይቀንሱ። የመንጠቆው ወደ ኋላ የተመለሰች ስለት በፒንሳ ተጨፍልቃ መሰንበት አለባት፤ በብዙ ወንዞች ግዴታ ነው፣ ግዴታ ባልሆነበትም ከጣትዎ ሲያወጧት ያመሰግኑኛል።

በዚህ ሁሉ ውኃ ውስጥ ዓሣው የት ነው የሚያርፈው?

ጀማሪን ከልምድ አዋቂ የሚለየው በዋናነት ይህ ነው። ስቲልሄድ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ኃይሉን ይቆጥባል፤ ስለዚህ የሚያርፈው ውኃው ሰው በሚራመድበት ፍጥነት በሚሄድበት፣ ጥልቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር በሆነበት፣ ከሥሩም የተበታተነ ትልልቅ ድንጋይ ባለበት ቦታ ነው። በወንዙ ላይ ሲመለከቱ ፈጣኑና ዝግተኛው ውኃ ጎን ለጎን ሲሄዱ በመካከላቸው እንደ ስፌት ያለ መስመር ይታያል፤ ማባበያዎን በዚያ መስመር በዝግተኛው ወገን ያሳልፉ። ሌላው ጥሩ ቦታ ጥልቁ ውኃ አልቆ ወደ ድንጋያማው ፈጣን ውኃ ከመግባቱ በፊት ያለው ለስላሳ ጠርዝ ነው፤ ዓሣው ፈጣኑን ውኃ ታግሎ ከወጣ በኋላ የሚተነፍስበት የመጀመሪያው ማረፊያ ስለሆነ።

ለማመን የሚከብደው ነገር ብዙ ዓሣ ከእግርዎ ሥር መሆኑ ነው፤ በተለይ ውኃው ከፍ ባለና በደፈረሰ ጊዜ ወደ ዳር ይጠጋል። ጀማሪው ግን እንደ ደረሰ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ የቆመበትን ዓሣ አባርሮ፣ ባዶውን መካከል ይደበድባል። እኔም ሳደርገው ከርሜአለሁ። አሁን የመጀመሪያዎቹን አሥር ውርወራዎች ከውኃው ሳልገባ፣ ከዳሩ ሁለት ሜትር ሳላሳልፍ እወረውራለሁ።

ከቤት ከመውጣቴ በፊት ውኃው ለማጥመድ ይመች እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በአብዛኞቹ ወንዞች ላይ ያቆማቸው መለኪያዎች የውኃውን መጠን ሌሊትና ቀን በድረ ገጽ ያሳያሉ። ቁጥሩን ከማየት ይልቅ አቅጣጫውን ይመልከቱ። ዝናብ ጥሎ መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ወንዙ ጭቃና ግንድ ተሸክሞ ነውና ይተኙ፤ ጣሪያ ነክቶ መውረድ ከጀመረ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ግን አዲስ ዓሣ ገብቶ ውኃውም እየጠራ ነው። ያን ጊዜ ወንዙ የሚይዘውን ቀለም አጥማጆቹ የስቲልሄድ አረንጓዴ ይሉታል፤ ጉልበትዎ ድረስ ገብተው የጫማዎን ጫፍ በጭጋግ እንዳለ ካዩት ደርሰዋል ማለት ነው።

ቴርሞሜትርም ይያዙ። ውኃው ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ዓሣው ለማባበያ ብሎ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ በዝግታና በአፍንጫው ፊት ማሳለፍ ይጠይቃል። ከ6 እስከ 12 ባለው መካከል ንቁ ነው። በሞቃቱ ወራት ወደ 20 ሲጠጋ ደግሞ ተይዞ የተለቀቀው ዓሣ የመሞት አደጋው ስለሚጨምር ማጥመዱን መተው ይገባል።

አሥራ ምናምን ጊዜ ሄጄ አንድም አልያዝሁም። ጉድለቱ የእኔ ነው ወይስ የዕድል?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ጥያቄ ነው፤ ጠያቂውም ብዙውን ጊዜ ዘንጉን ሊሸጥ የተቃረበ ሰው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓሣ የያዝሁት በአሥራ ስምንተኛው ጉዞ ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቀውን ሰው ድምፅ አውቀዋለሁ።

ባዶ ቀን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዓሣው ገና ወንዙ ስላልገባ ባዶ የሚሆን ቀን አለ፤ ዓሣው ኖሮ ውኃው ስለደፈረሰ ወይም ስለቀዘቀዘ ባዶ የሚሆን አለ፤ ዓሣውም ውኃውም መልካም ሆነው እርስዎ ማባበያውን በትክክል ስላላሳለፉ ባዶ የሚሆን አለ። ሦስቱን በአንድ ላይ «ዕድሌ ነው» ብሎ የጠቀለለ ሰው ከአንዱም አይማርም፤ ሦስቱንም «አልችልበትም» ብሎ በራሱ ላይ የጫነ ደግሞ በስድስተኛው ጉዞ ይተዋል። እኔን ያዳነኝ የአንድ ዶላር ደብተር ነው። በየጉዞው ቀኑን፣ የወንዙን መጠንና እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን፣ የውኃውን ሙቀት፣ የቆምሁበትን ቦታና ያጠመድሁበትን ጥልቀት እጽፍ ነበር። ከአሥራ ሰባቱ ባዶ ጉዞዎች በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነብበው አሥራ አንዱ ወንዙ እየሞላ ወይም እንደ ሻይ ወተት ደፍርሶ የተሄደባቸው ቀናት ሆነው አገኘኋቸው፤ እንዲያ የሆነውም በሥራ ፈረቃዬ ምክንያት ምንጊዜም እሑድ ብቻ እሄድ ስለነበረ ነው። ቀሪዎቹ ስድስቱ ላይ ግን ሁልጊዜ የተጻፈው ጥልቀት አንድ ነበር፤ ለካ ማቆሚያ ቋጠሮዬን አንድም ቀን አላንቀሳቀስሁትም።

ስለዚህ በራስዎ ላይ ከመፍረድዎ በፊት የሚከተለውን ይፈትሹ። ማባበያው ከወንዙ ወለል 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሄድ አለበት። ተንሳፋፊው ሄዶ ሄዶ አንድ ጊዜም እንኳ ካልተነካ ከፍ ብለው ነው የሚያጠምዱት፤ ማቆሚያውን ወደ ላይ እየገፉ ጥልቀት ይጨምሩ። የተንሳፋፊው ራስ ወደ ቁልቁለቱ ከተጋደመ እርሳሱ ወለሉን እየጎተተ ነውና ጥልቀቱን ትንሽ ይቀንሱ። በውኃው ላይ የተኛው ክር ወደ ታች ደጋን ሠርቶ ተንሳፋፊውን ከጎተተው ደግሞ ማባበያው ከተፈጥሮ ውጭ ይሮጣል፤ ዘንግዎን አንሥተው ክሩን ወደ ላይኛው ወገን መልሰው ያስተኙት። እነዚህ ሦስቱ ከተስተካከሉ ዶቃው ቀይ ይሁን ብርቱካናማ የሚለው ክርክር ለቡና ሰዓት የሚሆን ነው።

እንግዲያው ትዕግሥት የሚሉት በአንድ ቦታ ምን ያህል መቆም ነው?

በአንድ ድንጋይ ላይ ስድስት ሰዓት የቆመ ሰው ታጋሽ ሊመስል ይችላል፤ በእኔ ግምት ግን ሰነፍ ነው። አንድን ቦታ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ በየውርወራው አንድ ክንድ ያህል እየጨመሩ ይሸፍኑት፤ ከዚያ ጥልቀቱን ለውጠው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ማባበያውንም ለውጠው ይሞክሩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መልስ ከሌለ ሁለት እርምጃ ሳይሆን ሁለት መቶ እርምጃ ይውረዱ። ዓሣው ወዳለበት መሄድ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከባዱ ክፍል ከቀትር በኋላ የሚመጣው ነው። ጣት ደንዝዟል፣ ሐሳብ ወደ ቤት ሄዷል፣ እጅ ግን ከልማድ ይወረውራል፤ ተንሳፋፊው ለግማሽ ሰከንድ ሲሰጥም ዓይን አላየውም። ይህን በራስዎ ካዩ ከውኃው ይውጡ፣ ከቴርሞስዎ ሻይ ይቅዱ፣ አዲስ መንጠቆ ይሰሩ፤ ትኩረትዎ ካልተመለሰ ወደ ቤት መሄድ ሽንፈት አይደለም። አራት ሰዓት በንቃት ያጠመደ ሰው አሥር ሰዓት ከደነዘዘው የተሻለ ዕድል አለው።

ይዤው ነበር፣ ግን አመለጠኝ። ምን አጠፋሁ?

የክሩን ጫፍ ይመልከቱ፤ የሚመሰክረው እሱ ነው። በጃንዋሪ አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከውኃው ሳይነሣ፣ ተንሳፋፊዬ እንደ ተነጠቀ ዓይነት ወደ ታች ሄደ። ዘንጌን ሳነሣ ብር የመሰለ ነገር ከውኃው አንድ ሜትር ዘልሎ በጎኑ ወደቀ፤ ሪሉ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። ክሩን ስስበው ጫፉ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ መጣ። እንዲህ የተጠቀለለ ጫፍ ማለት ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈቷል ማለት ነው፤ ሌሊት በመኪና መብራት፣ ምራቅ እንኳ ሳላስነካ፣ በችኮላ ያሰርሁት ነበር። ጫፉ ሻክሮና ሳስቶ ቢሆን ኖሮ ድንጋይ በላው ማለት ነበር፤ መንጠቆው ተመልሶ ጫፉ ደንዞ ቢሆን ደግሞ ሳላሞርደው አሰንብቼው ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ቋጠሮ ሁሉ በውኃ ረጥቦ ቀስ ተብሎ የሚጠበቀው፤ ከየጥቂት ውርወራውም በኋላ የመጨረሻው ክንድ ክር በጣት የሚዳሰሰው።

ከያዙ በኋላ ደግሞ ክሩን እንደ ባልዲ ገመድ አይሳቡት። ዓሣው ሲሮጥ ፍሬኑ ይስጠው፤ ሲዘል የዘንጉን ጫፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ሲያርፍ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድመው ይሳቡ። ፍሬኑን ለማላላትና ለማጥበቅ የሚመረጠው ጊዜ ዓሣው ከመያዙ በፊት ነው።

አጠገቤ ያለው ሰው ሦስት ያዘ፣ እኔ ምንም። መጠየቅ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ አጠያየቁ ነው። «ምን ማባበያ ነው?» ብሎ መጮኽ አይወደድም። ሰውዬው ሲያርፍ ቀርበው «እንኳን ደስ ያለህ፣ ምን ያህል ጥልቀት ነው የምታጠምደው?» ቢሉ አብዛኛው ሰው ይነግራል፤ ጥልቀት ብለው መጠየቅዎም እንደሚገባዎት ያሳየዋል። ቀድሞ ከቆመ ሰው በታች ገብቶ መቆም ግን የወንዙ ትልቁ ብልግና ነው፤ ከላይ በኩል ይግቡ፣ ሰውዬው ወደ ታች ሲሄድ ይከተሉ። የጎረቤትዎ ዓሣ ከተያዘም ክርዎን ሰብስበው መንገድ ይልቀቁለት።

ወደ ውኃው መግባት ያሰጋኛል፤ ዋና አልችልም።

ስጋትዎ ትክክል ነው። በብርድ ወራት ውኃው ከጥቂት ዲግሪ ስለማይበልጥ ጎበዝ ዋናተኛንም በደቂቃዎች ውስጥ እጅና እግር ያሳስራል። እስከ ደረት የሚደርሰውን ውኃ የማያስገባ ሱሪ ከለበሱ ወገብዎ ላይ ቀበቶውን ጥብቅ አድርገው ይሰሩ፤ ያለ ቀበቶ ከወደቁ ይሞላል። ብረት ጥርስ ያለው ጫማና ምርኩዝ ይያዙ፣ ከጉልበት በላይ አይግቡ፣ ለብቻዎ አይሂዱ። ስቲልሄድ ወደ ዳር የሚጠጋ ዓሣ መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁና ባለመግባትዎ የሚያጡት ጥቂት ነው።

የማራቢያውን ዓሣ ብወስድ ሥጋው እንዴት ነው?

ገና ከባሕር የገባው ሥጋው ብርቱካናማና ቅባታም ነው፤ በወንዝ የቆየውና ጎኑ የቀላው ግን ይነጣል፣ ይላላልም። ወዲያው ደሙን ማፍሰስና በበረዶ መያዝ ያስፈልጋል። በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎረድ ጎረድ ያለ ሥጋው ከሚጥሚጣ ጋር ለእኔ ከሳልሞን ይበልጥብኛል። ወቅቱ ከነቢያት ጾምና ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ጥያቄ ግን ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡት፤ እኔ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬ የፋሲካን ሳምንት የጠበቅሁበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያዬን ያዝሁ። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ዓሣው የተፈጥሮ ከሆነ ሳያወጡት፣ እጅዎን አርጥበው፣ ስንጥቡን ሳይነኩ መንጠቆውን ያላቅቁና ራሱን ወደ ውኃው መምጫ አዙረው በራሱ ኃይል እስኪሄድ ይያዙት። ከዚያ ከመደወልዎ በፊት ደብተርዎን ያውጡ። የነከሰበትን ድንጋይ ከዳር ካለ አንድ ምልክት፣ ከዛፍ ወይም ከጉቶ ጋር አገናኝተው ይጻፉ፤ የውኃውን ሙቀትና የመለኪያውን ቁጥር፣ ከማቆሚያ ቋጠሮው እስከ መንጠቆው ያለውንም ርቀት ይጻፉ። አንድ ስቲልሄድ ያረፈበት ቦታ፣ ውኃው ወደዚያው መጠን ሲመለስ፣ ለሌላውም ማረፊያ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያው ዓሣ ከወደቀ ዝግባ አንድ ዘንግ ተኩል በታች ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ ቁጥሩ ያንኑ ባሳየበት ቀን ሄጄ ከዚያው ቦታ በአራተኛው ውርወራ ሁለተኛውን ያዝሁ።